ጋቢ ውስጥ የገባው ስልክ፦ የባሕር ዳርን ክረምት ሳይጨነቁ ለማሳለፍ

ሐምሌ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በባሕር ዳር ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወለሉ ቀዝቅዟል፣ ከውጭ የገባው ሰው ካልሲው ርሷል፤ ስለዚህ ራት እንደተበላ ሁሉም ወደየአልጋው ይገባና ጋቢውን ይከናነባል። አልጋ ውስጥ የገባነው ግን እንቅልፍ መጥቶብን ሳይሆን በርዶን ነው፤ እንቅልፉ ገና ስላልመጣም ስልኩ አብሮን ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፦ አንድ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ ሌላ ቪዲዮ፣ በመካከሉ በቴሌግራም የመጣ የሚያስደነግጥ ወሬ፣ ወሬውን ለማጣራት ሌላ ቻናል፣ ከዚያ ተመልሶ ቪዲዮ። ቀና ብለን ስናይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። በማግስቱ ግንባራችንን እያሻሸን «ዘንድሮ ጭንቀት በዛብኝ» እንላለን።

እኔም ለብዙ ዓመታት ጥፋቱን ሁሉ በስልኩ ላይ ስጥል ኖሬያለሁ። ነገር ግን ስልኩን ለመግራት የሞከርኳቸው ዘዴዎች በጥቅምትና በኅዳር ሲሠሩልኝ በሐምሌና በነሐሴ ይከሽፉብኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በበጋ ሰው እንቅልፉ እስኪመጣ ድረስ ደጅ ይቀመጣል፣ ሐይቁ ዳር ይዘዋወራል፣ ከጎረቤት ጋር ይጨዋወታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ብርዱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ አልጋ ውስጥ ይከተናል፣ እነዚያን ትርፍ ሰዓታት የሚሞላውም ስልኩ ይሆናል። በመሆኑም በክረምት ስለ ጭንቀትና ስለ ስልክ የሚሰጥ ምክር ከእግር ሙቀት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ቤቱና ሰውነቱ፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ ከዚያ ጠዋቱ።

የሚበርደን ምኑ ነው?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የወይና ደጋ ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር የመጣ እንግዳ «ይሄንንም ብርድ ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢስቅብን አይፈረድበትም። ቴርሞሜትር ቢጠየቅ እንኳ የሚመሰክረው ለእንግዳው ነው፤ የከተማችን ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚገኙት በታኅሣሥና በጥር ሲሆን ያን ጊዜ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፣ የሐምሌ ሌሊት ግን ከዚያ ሞቅ ይላል። ሆኖም በጥር ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ግድግዳውንም ጀርባችንንም ታሞቀዋለች። በክረምት ይህ የለም። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ በላይ የሆነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ስለሚወርድ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ይሰነብታል፣ የሚለበሰውም በከፊል እንደረጠበ ነው። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ ልብስ በብዙ እጥፍ ይነጥቃል። ስለዚህ በእኛ ክረምት ልንዋጋው የሚገባን እርጥበቱን ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው ገንዘቡን በሙቀት መስጫ ላይ ከማጥፋቱ በፊት ልብሱን ስለማድረቅ ያስባል።

ከውጭ ሀገር የሚመጣልን ምክርም በዚሁ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይስማማንም። በስቶክሆልም የሚኖር ዘመድ በታኅሣሥ ደውሎ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ እንደምትጠልቅበትና ልቡ እንደሚከብደው ቢነግረን እውነቱን ነው። የእኛ ክረምት ግን የዓመቱ ረጃጅም ቀኖች ያሉበት ወቅት ነው፤ ሐምሌ ሲገባ በባሕር ዳር ቀኑ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል። የጎደለን ብርሃን በደመናው የተሸፈነው ብቻ ስለሆነ መፍትሔው ከቤት መውጣት ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

እግር፣ ጋቢና ፍም

ከውጭ ሲመለሱ በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር በሩ ላይ ጫማንና እርጥብ ካልሲን ማውለቅ፣ እግርን እስከ ጣቶቹ መሃል ድረስ በፎጣ ማድረቅ፣ ከዚያም ከቤት የማይወጣ ደረቅ ካልሲ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል እንዲህ ያለ አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ ይለይለት። ምሽት ላይ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ እግርን አሥር ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ከዚህም ይበልጣል። እግር ሲሞቅ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሰውነት የውስጥ ሙቀቱን በዚያ በኩል ይለቃል፣ ይህም እንቅልፍ ቶሎ እንዲመጣ ያግዛል። አያቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ያጥቡ የነበረው ለአክብሮት ብቻ አይመስለኝም፤ እግሩ የታጠበ እንግዳ እንዴት እንደሚያንቀላፋ አይተው ይሆናል።

ጋቢን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ጋቢ አራት እጥፍ የጥጥ ሸማ ነው፤ የሚያሞቀንም በእጥፎቹ መካከል የሚይዘው አየር ነው። ጥጥ ግን እርጥበት ይጠጣል፤ በየሌሊቱ ከላባችንና ከክፍሉ እርጥበት የጠጣ ጋቢ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ስለዚህ ሰማዩ ብራ ባለ ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ማውጣት ከየትኛውም ሌላ ሥራ መቅደም አለበት። እርጥብ ልብስን በመኝታ ክፍል ውስጥ ማስጣት ደግሞ ያንኑ ውሃ ወደ ጋቢው፣ ወደ ግድግዳውና ወደ ሳንባችን መላክ ነው፤ በረንዳ ካለ እዚያ፣ ከሌለ መስኮቱ ክፍት በሆነ ሌላ ክፍል ይሰጣ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መስኮትና በር ፊት ለፊት ከፍቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ቤቱን ማናፈስ፣ አልጋንና ቁምሳጥንንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ሻጋታን ይቀንሳል።

አሁን ስለ ከሰል እንነጋገር፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የነሐሴ ምሽት ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረውን ፍም ክፍሉን ያሙቅልኝ ብዬ ምድጃውን እንዳለ ወደ መኝታዬ አስገባሁ። ጭስ አልነበረውም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ደስ ይል ነበር። ሌሊት ላይ ራሴን ሊፈልጠው ደርሶ ነቃሁ፣ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ በሩን ከፍቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ እየመታኝ የተቀመጥኩባት ያች ግማሽ ሰዓት ሕይወቴን እንዳተረፈችልኝ የተረዳሁት በማግስቱ ነው። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ማስገባት መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ጭስ የሌለው ፍም ግን ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፣ እንዲያውም ጭሱ ስለሌለ ሰው ይዘናጋል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፍም ያለበት ምድጃ አያድርም። ቡና በሚፈላበት ክፍልም መስኮቱ ይከፈት፣ ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ምክንያቱን ሳያጣሩ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ወጥተው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

አልጋን ለማሞቅ የተሻለው መንገድ ሙቅ ውሃ ነው። ለዚሁ የተሠራ የጎማ ከረጢት ካለ ውሃው ሳይፈላ፣ ከረጢቱም እስከ አፉ ሳይሞላ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ከመኝታ በፊት እግር በሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። በሃይላንድ ጠርሙስ የፈላ ውሃ መሙላት ግን ጠርሙሱን ስለሚያኮማትረው አልጋ ላይ ሊፈስና ሊያቃጥል ይችላል።

የሚበላውና የሚጠጣውም የራሱ ድርሻ አለው። ትኩስ ሹሮ፣ የገብስ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የዝንጅብል ሻይ ለክረምት ምሽት የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለ ቡና ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሽ ጉልበት አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቱም ከተጠጣማ እንቅልፍን የከለከለው ስልኩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በክረምት የቡናውን ሰዓት ወደ ረፋድ ወይም ወደ ምሳ ማቅረብ ጥሩ ነው። አረቄ ደግሞ ያሞቀ የሚመስለው የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው፤ በእርግጥ የሚያደርገው የውስጥ ሙቀትን ወደ ውጭ ማስወጣትና የሌሊቱን እንቅልፍ መቆራረጥ ነው።

ስልኩን ማስተኛት

ሰውነት ከሞቀ በኋላ ስልኩን ከአልጋ ማስወጣት የሚያስገርም ያህል ይቀላል። ለስልኩ ቋሚ ማደሪያ ይስጡት፤ ሳሎን ውስጥ ሶኬት አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ቅርጫት ይበቃል። መላው ቤተሰብ በአንድ ክፍል የሚያድር ከሆነም ከአልጋው እጅግ የራቀው ጥግ ይመረጥ። በዚህ ጊዜ ብርዱ ራሱ ዘበኛ ይሆንልዎታል፤ በሞቀ ጋቢ ውስጥ ያለ ሰው አንድ መልእክት ለማየት ብሎ በባዶ እግሩ ቀዝቃዛ ወለል ላይ አይወርድም። «ስልኩ የማንቂያ ደወሌ ነው» የሚለው ምክንያት በትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይፈታል።

ለብዙዎቻችን ዋናው እንቅፋት ግን ሌላ ነው። ስልክ የማናጠፋው ሌሊት ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ ክፉ ነገር ይመጣ ይሆናል ብለን ስለምንሰጋ ነው፤ እናትና አባቱ ርቀው የሚኖሩበት ሰው ይህን ስጋት በምክር አይተወውም፣ ሊተወውም አይገባም። ለዚህ መላ አለው። በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ «አትረብሽ» የሚለውን ሁኔታ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በራሱ እንዲሠራ ያስተካክሉት፤ የቅርብ ሰዎችዎን ስልኮች ብቻ እንዲያልፉ ይፍቀዱ። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሲደውል ጥሪው እንዲያልፍ የሚያደርግ አማራጭም አለ፤ በአይፎን ይህ የሚሆነው በ3 ደቂቃ ውስጥ ለተደገመ ጥሪ ነው። እኔ እናቴን «እማዬ፣ ሌሊት የቸገረ ነገር ካለ ሁለቴ አከታትለሽ ደውይ» ብዬ ነገርኳት። «ሦስቴ እደውላለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሳሎን እያደረ እኔ ያለ ስጋት እተኛለሁ።

ወሬን በተመለከተ የ2015 ክረምት ያስተማረን ነገር አለ። በዚያ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ስልካችን ዝም ስላለ ጭንቀታችን አብሮ አልጠፋም፤ የምንፈልገውን ማወቅ አለመቻልም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ዳታው ሲመለስ ደግሞ ያመለጠንን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመዋጥ ሞከርን። ከሁለቱም የተረዳሁት ወሬ እንደ ምግብ ሰዓት እንደሚያስፈልገው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በምሳ ሰዓትና ከሥራ መልስ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይመድቡለት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን የዜና ቻናል አይክፈቱ። የሚያስደነግጥ ነገር በጽሑፍ ከደረሰዎት ለሌላ ከማስተላለፍዎ በፊት በቦታው ላለ ለሚያውቁት ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ አንድ የሁለት ደቂቃ ጥሪ የሁለት ሰዓት ፍለጋን ይተካል። የዕድር፣ የዕቁብ፣ የመሥሪያ ቤትና የወላጆች ግሩፖችን ድምፅ ያጥፉ፤ ከግሩፑ መውጣት ቅር ሊያሰኝ ይችላል፣ ድምፁን ማጥፋት ግን ማንም አያይብዎትም።

ገንዘብ የሚከፈለውም የሚላከውም በስልክ ስለሆነ «ስልኬን ካስቀመጥኩ ሥራዬ ይቆማል» የሚል ሰው አለ። ይህ ለቀኑ እንጂ ለሌሊቱ አይሠራም፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ቴሌብር በ*127# ይሠራልና ለክፍያ ብሎ ዳታን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ማድረግ አያስፈልግም።

ስልክን ቻርጅ እያደረጉ ከትራስ ወይም ከጋቢ ሥር ማሳደር ሌላ ጉዳት አለው። የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚፈጠረው ሙቀት በጨርቅ ከታፈነ የባትሪው ዕድሜ ያጥራል፣ ባትሪው ያበጠ ወይም ቻርጀሩ የተበላሸ ከሆነም እሳት ሊነሣ ይችላል።

አልጋው ለእንቅልፍ፣ ስልኩ ለቅርጫቱ ሲለቀቅ ከራት እስከ መኝታ ያሉት ሁለት ሰዓታት ባዶ ይቀራሉ፤ በሚወደድ ነገር ካልተሞሉ ደግሞ ስልኩ ተመልሶ ይመጣል። በእኛ ቤት የተቆላ ሽምብራ ይቀርባል፣ ልጆቹ «እንቆቅልህ» ሲሉ ትልልቆቹ «ምን አውቅልህ» እያልን ሀገር እንሰጣለን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ አኩርፈው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አዲስ እንቆቅልሽ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ማምጣት ጀመሩ፤ እኔም እስካሁን ያልፈታሁት አንድ አለ።

መብራት፣ መብረቅና ውሃ

ክረምት ራሱ ዕቃዎቻችን ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ያስጨንቃል። መብራት ሲሄድ ምጣድን፣ ቴሌቪዥንን፣ ፍሪጅንና ቻርጀሮችን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ በሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ነው። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይተው፤ አምፖሉ በርቶ ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይሰኩ። ፓወር ባንክ ካለ መብራት ባለበት ሰዓት ተሞልቶ ይጠብቅ፤ ስልኩ ጠፍቶብኝ እቀራለሁ የሚለውን ስጋት ያስቀራል።

የጣና አካባቢ ነጎድጓድ የሚበዛበት ነው። ብልጭታውን ካዩበት እስከ ድምፁ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ቤት ይግቡ፣ የቴሌቪዥኑንና የዲሹን ገመድ ይንቀሉ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። በሐይቁ ላይ ጀልባ ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት መሻገር የሚፈልግ ሰው በጠዋት ሄዶ ሰማዩ ሳይጠቁር ቢመለስ ይሻላል።

ባጃጅ ውስጥ በግራና በቀኝ የሚገባው ዝናብ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ አንዲት ንጹሕ ፌስታል በቦርሳ መያዝ ይበቃል። ውሃ ከገባበት ወዲያው ያጥፉት፣ ሲም ካርዱን ያውጡ፣ በጨርቅ ያድርቁት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ ለመሞከር ብለውም ደጋግመው አያብሩት፣ እሳት ዳርም አያስጠጉት፤ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለአንድና ለሁለት ቀን ይተዉት። እህል ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፣ የጤፍ ቅንጣትማ በቻርጀሩ ቀዳዳ ገብታ ሌላ ሥራ ታመጣለች። የፎገራ ሩዝም ለእንጀራ ቢሆን ነው የሚያምርበት።

ጠዋት

ከእንቅልፍ እንደነቁ ስልኩን ከቅርጫቱ ከማንሣትዎ በፊት ከቤት ይውጡ። ደመና ቢሆንም ደጅ ያለው ብርሃን ከክፍል አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አንጎላችን ቀኑን ከሌሊቱ የሚለይበትን ሰዓት የሚያስተካክለውም በዚህ የጠዋት ብርሃን ነው፣ ጠዋት ብርሃን ያገኘ ሰውም ማታ እንቅልፉ በጊዜው ይመጣል። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። በዘንባባዎቹ ሥር ባለው የእግረኛ መንገድ፣ በሐይቁ ዳርቻ፣ ወይም በግንቦት 2016 በተመረቀው የዓባይ ድልድይ ላይ መሄድ ይቻላል፤ 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያ ስላለው ጭቃውን ለጠላ ሰው ምቹ ነው። በነሐሴ ከድልድዩ ወደ ታች የሚታየው ደፍራሽ ውሃ ብቻውን ለእይታ ይበቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ስለዚህ ዳርቻው ላይ መሄድ ያለብዎት በደንብ ከነጋ በኋላ ነው፣ ሲመሽም ቀደም ብሎ መመለስ ይገባል።

ዝናቡ ጨርሶ ካላስወጣ በረንዳ ላይ ቆሞ መተንፈስም ይረዳል። አየሩን በአፍንጫ አራት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፣ ስድስት እስኪቆጥሩ ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ያህል ይሆናል። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። አምስት ደቂቃ ይቀጥሉበት። ሌሊት በሐሳብ ሲነቁም ይኸው ይሠራል፤ የሚመላለሰው ሐሳብ የነገ ሥራ ከሆነ ደግሞ አልጋው አጠገብ በተቀመጠ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ጽፎ መተው ጠቃሚ ነው።

የፍልሰታን ሁለት ሳምንት በሱባኤ የሚያሳልፉ ሰዎች ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስልካቸውን ዘግተው ሲከርሙ ዓለም አለመፍረሱን ያያሉ። ሱባኤ መግባት የማይችል ሰው ከእነርሱ የሚወስደው ቢኖር፣ አስቀድመው ለቤተሰብና ለመሥሪያ ቤት «ከዚህ እስከዚህ ቀን አልገኝም፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ እገሌን ጠይቁ» ብለው መሄዳቸውን ነው። ጥቂት ሰዓት ለማረፍም ቢሆን እንዲህ ተናግሮ የተዘጋ ስልክ አያስጨንቅም።

ብርዱ ከውስጥ ሲሆን

ብርድ ብርድ ማለት ሁልጊዜ ከአየሩ አይደለም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዝናቡ ማባራት ሲጀምር፣ በተለይም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበዛል። የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰማዎት ጋቢ ደርበው ወይም ማስታገሻ ወስደው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ለክረምት የወረደ አጎበር ካለ አሁኑኑ ይሰቀል።

ጭንቀትም እንዲሁ የሚታከምበት ደረጃ አለው። ቤቱ ሞቆ፣ ስልኩ ተቀምጦ፣ ቡናው ቀንሶ እንኳ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ ከሰው የሚያርቅ ሐዘን ወይም ፍርሃት ካለ ወደ ሐኪም ሊኬድበት ይገባል፤ ራስን ስለመጉዳት የሚመጣ ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም ሳይታደር። ጸበል የሚሄድ ሰው ሕክምናውን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ቢባልም ከነሐሴ 13 በኋላ ገና ብዙ ዝናብ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ዘመነ ክረምት የሚያልቀው መስከረም 25 ነው። ስለዚህ ሙልሙሉ ተበልቶ ሲያበቃ ካልሲውን አይጣሉ። በጥቅምት ፀሐይ ጋቢዎቹን አጥበው ለሁለት ቀን ያድርቋቸው፣ ግድግዳው ላይ የቀረ ሻጋታ ካለ በበረኪና ውሃ ያጥቡት። ቅርጫቱን ግን ከቦታው አያንሡት፤ ታኅሣሥ ሲገባ ሌሊቱ እንደገና ስለሚበርድ ስልኩ ወደ ጋቢው መመለስ ይፈልጋል።